ከለጋሽ የተገኘ ግንድ ሕዋስ ከተተከለ በኋላ፦ የመከላከያ ሕዋሳት ማገገምና የሕሙማን ዕጣ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ወረቀት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ወዳጄ የወንድሙን ልጅ የደም ምርመራ ውጤት ይዞልኝ መጣ። ወጣቱ ዕድሜው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ታሞ፣ ቤተሰቡ ያለውን ሸጦና ከዘመድ አዝማድ አሰባስቦ ወደ ውጭ አገር ላከው። በዚያም ከእኅቱ የተወሰደ ግንድ ሕዋስ ተተክሎለት በአራተኛው ወር ወደ አገሩ ተመለሰ። ወረቀቱ ነጭ የደም ሕዋስ 4,400፣ ኒውትሮፊል 3,500 ይላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የመከላከያ ሥርዓት ሳይንስ መምህር ነኝ። ሆኖም ወዳጄ የጠየቀኝን ከመመለስ አልተቆጠብኩም። «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ደሙ ተመልሷል» አልኩት።

ወጣቱ ይዟቸው ከመጣው መድኃኒቶች አንዱ በዚያው ሰሞን አለቀ። ቤተሰቡም ደሙ ተመልሷል መባሉን ሰምቶ ስለነበር እንደገና ሳይገዛው ቀረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወጣቱ በደረቅ ሳልና በትንፋሽ እጥረት ሆስፒታል ገባ፤ በሕይወትም አልወጣም። ያለቀው መድኃኒት ኮትሪሞክሳዞል ነበር።

ወረቀቱ አልዋሸም። ከኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊምፎሳይት 400 የሚል መስመር ነበረበት። ስለ ሊምፎሳይት ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ያን መስመር አልፌው ሄድኩ። የልጁን ሞት ያመጣው ያ አንድ ስሕተት ብቻ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ልናገር አልችልም፤ አላመጣውም ብዬም ራሴን ማጽናናት አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ገለጻ ያን ወረቀት በትክክል ለማንበብ ምን ማወቅ ነበረብኝ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ፣ የዘገየ መልስ ነው።

የገለጻዬ ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የደም ሕዋሳት ቁጥር መመለስና የመከላከያ ሥርዓት ማገገም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሳምንታት፣ ሁለተኛው የወራትና የዓመታት ጉዳይ ነው። የብዙ ሕሙማን ዕጣ የሚወሰነው በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ንቅለ ተከላው ምን ያደርጋል?

የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚመነጩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ጥቂት ግንድ ሕዋሳት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላትሌት፣ ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ሁሉም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱ ራሱ ሲታመም ቅርንጫፉን ማከም ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ሐኪሞች በኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም በጨረር፣ የታማሚውን መቅኔ ያጠፉና በምትኩ ጤናማ ሰው የለገሰውን ግንድ ሕዋስ በደም ሥር ይሰጣሉ። ሕዋሳቱም በደም ተጉዘው መቅኔውን ራሳቸው ያገኙታል።

አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ ከለጋሽ የተወሰደ መቅኔ ለሕሙማን በደም ሥር መስጠቱን በ1957 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ሕሙማኑ አልዳኑም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳዊው ዦርዥ ማቴ በዩጎዝላቪያ ቪንቻ በተባለ የኑክሌር ማዕከል በደረሰ አደጋ በጨረር የተጎዱ ሰዎችን ፓሪስ ላይ በመቅኔ አከመ። በዚያው 1958 እ.ኤ.አ. ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን የሰው ነጭ ሕዋስ መለያ ገለጸ፤ ዛሬ ኤች ኤል ኤ የምንለውና ለጋሽና ተቀባይ የሚዛመዱበት ሥርዓት በር የተከፈተው ያኔ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሮበርት ጉድ ቡድን ሚኔሶታ ውስጥ ያለ መከላከያ ሥርዓት የተወለደን ሕፃን በእኅቱ መቅኔ ለማዳን በቃ። ቶማስ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ሕክምናው ከሙከራ ወጥቶ የታወቀ ፈውስ ሆኖ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ዋናው ጥያቄ «መቅኔው ያዘ ወይስ አልያዘም?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ያልያዘለት ሰው አይተርፍምና። ዛሬ ግን በአብዛኞቹ ሕሙማን መቅኔው ይይዛል። ያም ሆኖ የሚሞቱ አሉ። ጥያቄያችን ግን በብዙ ቦታ አሁንም የያኔው ጥያቄ ነው።

የመመለሻው ቅደም ተከተል

በእሳት የተበላ ደን ሲያገግም አይታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይበቅላል፤ መሬቱም ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ይመስላል። ቁጥቋጦው ይከተላል። ዝግባውና ጽዱ ግን የሚመለሱት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከሩቅ ያየ ሰው «ደኑ ተመልሷል» ቢል አይፈረድበትም፤ ተሳስቷል ግን።

ከንቅለ ተከላ በኋላ ሣሩ ኒውትሮፊል ነው። የኒውትሮፊል ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በላይ ሆኖ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሲገኝ መቅኔው ያዘ ይባላል። ግንድ ሕዋሱ ከደም ሥር የተሰበሰበ ከሆነ ይህ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ከመቅኔ የተወሰደ ከሆነ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ ከእትብት ደም ከሆነ ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይሆናል። ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያንና ሻጋታን ፈጥነው ይዋጋሉ፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት ጠላት የለም፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው።

ቀጥለው የሚመጡት ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ኤን ኬ ሕዋሳት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ይሞላል፤ ምንም እንኳ ብስለታቸው ቢዘገይም። ከዚያ ሲዲ 8 የተባሉት ቲ ሕዋሳት ይመጣሉ፤ በተለይ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ሲነሣ ፈጥነው ይበዛሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሕዋሳት በቁጥርም በአሠራርም ለመስተካከል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ከሁሉም የሚዘገዩት ሌሎቹን የሚያስተባብሩት ሲዲ 4 ቲ ሕዋሳት ናቸው። በአዋቂ ሰው ላይ ቁጥራቸው ከ200 በላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ አዳዲሶቹና ገና ምንም ጠላት ያላዩት ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በተለይ እንድታስተውሉ የምፈልገው ቲ ሕዋሳት በሁለት መንገድ መመለሳቸውን ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ብዜት ነው። ከለጋሹ ግንድ ሕዋስ ጋር አብረው የተሰጡ፣ የበሰሉ ጥቂት ቲ ሕዋሳት ባዶውን ቦታ አግኝተው ይባዛሉ። ይህ መንገድ ፈጣን ነው። ችግሩ ብዛት ይሰጣል እንጂ ልዩ ልዩነት አይሰጥም። ገበሬ ከአንድ እፍኝ ዘር ተነሥቶ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጎተራውን ሊሞላ ይችላል፤ ጎተራው ውስጥ ያለው ዘር ግን የዚያው የአንድ እፍኝ ዓይነት ነው። አዲስ ዋግ የመጣ ዕለት ጎተራው መሙላቱ አያድነውም።

ሁለተኛው መንገድ በታይመስ በኩል የሚያልፈው ነው። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚገኝ ትንሽ አካል ሲሆን፣ ጥቅሙን በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዣክ ሚለር ነው። ከመቅኔ የሚወጡ ለጋ ሕዋሳት ወደዚህ ገብተው የራስን ከባዕድ መለየት ይማራሉ፤ ያልተማሩት ይወገዳሉ። ከዚህ የሚወጡት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ያላቸው ናቸው፤ እውነተኛው ልዩ ልዩነት የሚመለሰው በእነዚህ ነው። ነገር ግን ታይመስ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይከሳል፤ በስብም ይተካል። ክሪስታል ማካልና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. ከከባድ ኬሞቴራፒ በኋላ የሲዲ 4 ሕዋሳት መመለስ ከዕድሜ ጋር በተቃራኒው እንደሚሄድ አሳይተዋል፦ በልጆች ፈጥኖ፣ በጎልማሶች ዘግይቶ። ከዕድሜ ሌላ ታይመስን የሚጎዱት ራሳቸው ጨረሩና ኬሞቴራፒው፣ እንዲሁም ኋላ የምናነሣው የለጋሽ ሕዋሳት ጥቃት ናቸው።

አንድ ቲ ሕዋስ ከታይመስ በቅርቡ የወጣ ይሁን በብዜት የመጣ እንዴት ይታወቃል? ቲ ሕዋስ በታይመስ ውስጥ መለያውን ሲሠራ ከዘረ መሉ ቁራጭ ተቆርጦ ክብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ክብ ቁራጭ ሕዋሱ ሲከፈል አብሮ አይባዛም፤ ስለዚህ በተባዙት መካከል እየሳሳ ይሄዳል። ቁራጩ በብዛት የተገኘበት ደም ታይመሱ እየሠራ ያለ ሰው ደም ነው። ዳንኤል ዱዌክና ባልደረቦቹ ይህን መለኪያ በ1998 እ.ኤ.አ. አቀረቡ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው አዋቂዎች ላይ ተጠቅመው የአዋቂ ታይመስም ቢሆን ፈጽሞ እንደማይተኛ አሳዩ። ይህ ለብዙዎቻችን ያልጠበቅነው መልካም ዜና ነበር።

ማገገሙ የሕሙማንን ዕጣ እንዴት ይወስናል?

ከለጋሽ ግንድ ሕዋስ የተቀበለ ሰው በሦስት አቅጣጫ ይፈተናል፦ በኢንፌክሽን፣ በካንሰሩ ማገርሸትና የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል በሚያጠቁበት በሽታ። ሦስቱም ከመከላከያ ሕዋሳት ማገገም ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ኢንፌክሽኖች ራሳቸው የመመለሻውን ቅደም ተከተል ተከትለው ይመጣሉ። ኒውትሮፊል በሌለባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አደጋው ባክቴሪያና ሻጋታ ነው። መቅኔው ከያዘ በኋላ እስከ 100ኛው ቀን ድረስ ቲ ሕዋስ ስለሌለ የተኙ ቫይረሶች ይነሣሉ፤ በዋናነት ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ። ኒውሞሲስቲስ የተባለው የሳንባ ምችም የሚጠብቀው ይህንኑ የቲ ሕዋስ ክፍተት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ስለማይበቃ እንደ ኒሞኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ፤ አልማዝ ባለጭራም ብዙዎችን ያገኛል። አንድ ሐኪም ታማሚው የያዘውን ኢንፌክሽን ብቻ አይቶ የትኛው ሕዋስ ገና እንዳልተመለሰ መገመት ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማገርሸት ነው። ንቅለ ተከላ ካንሰሩን የሚያድነው በኬሞቴራፒው ኃይል ብቻ ይመስለን ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ሜሪ ሆሮዊትዝና ባልደረቦቿ የ2,254 ሕሙማንን መዝገብ መርምረው ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ለጋሹ ፍጹም ተመሳሳይ መንታ በሆነበት፣ ወይም ቲ ሕዋሳት ከግንድ ሕዋሱ ተለይተው በወጡበት ጊዜ ማገርሸቱ ከፍ ይል ነበር። የለጋሽ ሕዋሳት ጥቃት በደረሰባቸው ሕሙማን ደግሞ ማገርሸቱ ዝቅ ይል ነበር። በዚያው ዓመት የሃንስ ዮኸም ኮልብ ቡድን ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ላገረሸባቸው ሕሙማን ከመጀመሪያው ለጋሽ ሊምፎሳይት በመስጠት በሽታው እንዲያፈገፍግ አደረገ። እንግዲህ ፈውሱ ውስጥ የለጋሹ መከላከያ ሥርዓት ድርሻ አለው።

ሦስተኛው የዚሁ ሌላ ገጽ ነው። ካንሰሩን ባዕድ ብሎ የሚያጠቃ የለጋሽ ቲ ሕዋስ ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱንም ባዕድ ሊል ይችላል። ጥቃቱን ለማብረድ የሚሰጠው ኮርቲኮስቴሮይድ ደግሞ ያንኑ በጭንቅ የተመለሰውን መከላከያ ያደክማል። ጥቃቱ ታይመስንም ስለሚጎዳ አዲስ ትውልድ ቲ ሕዋስ ይዘገያል። ችግር ችግርን ይወልዳል፤ ብዙ ሕሙማንን የምናጣውም በዚህ ዑደት ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚናገር አንድ ቀላል ቁጥር አለ? ፍጹም የሆነ የለም። ጥሩ የሚባል ግን አለ። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች መሪነት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕፃናት ጥናት አንድ መለኪያ ተጠቀመ፦ በ100 ቀናት ውስጥ በሁለት ተከታታይ ምርመራዎች ሲዲ 4 ከ50 በላይ መገኘት። ይህን የደረሱ ልጆች ካልደረሱት ይልቅ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ነበር። ጥናቱ ከዚህም አልፎ ምክንያቱን ፈለገ። የለጋሽ ሕዋሳትን ጥቃት ለመከላከል የሚሰጠው አንቲ ታይሞሳይት ግሎቡሊን ከንቅለ ተከላው በኋላ በደም ውስጥ በብዛት የቀረባቸው ልጆች ሲዲ 4 ሕዋሳቸው ሳይመለስ ይቀር ነበር። መድኃኒቱ ለሁሉም በኪሎ ክብደት ብቻ ተሰልቶ መሰጠቱ ለአንዳንዱ ከልክ በላይ እንዲሆን አድርጎት ነበር ማለት ነው።

50 እጅግ ትንሽ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። ጤናማ አዋቂ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር፣ ብዙ ጊዜም ከ500 በላይ ሲዲ 4 አለው። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን መከላከያው ሙሉ በሙሉ መመለስ እንዳለበት አይደለም፤ መመለስ መጀመሩ ራሱ ትልቅ ምልክት መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝቅተኛ ሲዲ 4 ያለው ሰው የሚሞተው ሲዲ 4 ስላነሰው ነው? ወይስ ሲዲ 4ንም ዝቅ ያደረገው፣ ሞትንም ያመጣው ሌላ ሦስተኛ ነገር፣ ለምሳሌ የለጋሽ ሕዋሳት ጥቃትና ስቴሮይድ፣ ነው? በብዙ ጥናቶች ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ትንበያ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ለበሽተኛው አልጋ አጠገብ ለቆመ ሰው ትንበያውም ብቻውን ዋጋ አለው፤ ማንን ይበልጥ መጠበቅ እንዳለበት ይነግረዋልና።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ባለፉት ዓመታት ሦስት ዓይነት መሻሻል መጥቷል። አንደኛው ጥቃቱን በሚቆጣጠሩ መድኃኒቶች አሰጣጥ ላይ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ የዳበረው ዘዴ፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋሚድ መስጠት፣ በግማሽ ብቻ ከሚዛመድ ለጋሽ፣ ማለትም ከአባት፣ ከእናት፣ ከልጅ፣ ለመቀበል በር ከፍቷል። ሁለተኛው ክፍተቱን በመድኃኒት መጠበቅ ነው። ሌተርሞቪር የተባለው መድኃኒት በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ እስከ 24ኛው ሳምንት ድረስ ሕክምና የሚያስፈልገውን የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ መነሣት ከ60.6 ወደ 37.5 በመቶ አውርዶታል። ሦስተኛው ታይመስን ራሱን ለማነቃቃት የተደረጉ ጥረቶች ናቸው። የዕድገት ንጥረ ነገሮችና ኢንተርሉኪን 7 ተሞክረዋል፤ ተስፋ ሰጥተዋል፤ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ግን ገና አልበቁም።

እነዚህ ሁሉ የማዕከላቱ ሥራ ናቸው። ቀጥዬ የማነሣው የእኛን ድርሻ ነው።

የእኛ ድርሻ

ለጋሽ በማግኘት እንጀምር። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የለጋሾች መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ሙሉ በሙሉ የሚዛመድ ዘመድ ያልሆነ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዘር ነጮች 75 በመቶ፣ ለልዩ ልዩ የጥቁር ሕዝብ ክፍሎች ግን ከ16 እስከ 19 በመቶ መሆኑን አሳየ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ በመዝገቡ ውስጥ ያለን ቁጥር ማነሱና የአፍሪካ ሕዝቦች የኤች ኤል ኤ ልዩ ልዩነት እጅግ ሰፊ መሆኑ። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመዝገቡ ቢሰፍሩ ጥቅሙ ለራሳቸውም ለእኛም ነው። ምዝገባው የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ብቻ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የሚመለሱት ሕሙማን ናቸው። ከአገራችን ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው እንደ አቅሙ ጥቂት ወራት ይቆይና ይመለሳል። የሚመለሰው መቼ ነው? ኒውትሮፊሉ ሲሞላ፣ ሲዲ 4 ግን ገና ሲንፏቀቅ። የሚያርፈው ሣሩ በበቀለበት፣ ዛፉ ባልበቀለበት ወቅት ነው። ንቅለ ተከላው የተደረገው በሌላ አገር ቢሆንም፣ የመከላከያ ማገገሙ የሚከናወነው እዚሁ፣ በእኛ መካከል ነው።

ለመሆኑ ይህን ማገገም ለመከታተል የሚያስፈልገው መሣሪያ አለን? ስለ ወረቀቱ ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። አገራችን በ2005 እ.ኤ.አ. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ከጀመረች ወዲህ ሲዲ 4 መቁጠር ለላቦራቶሪዎቻችን የተለመደ ሥራ ሆኗል። ለሲዲ 4 ማነስ ኮትሪሞክሳዞል መስጠትም ለጤና ባለሙያዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ወጣቱ ከተኛበት ክፍል ሲዲ 4 እስከሚቆጠርበት ላቦራቶሪ ያለው ርቀት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነበር። ማንም አላዘዘለትም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያ መሣሪያ በሐሳባችን የአንድ በሽታ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበርና።

በእርግጥ በኤች አይ ቪ የምናውቀውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ከንቅለ ተከላ በኋላ 250 ሲዲ 4 ያለው ሰው ሕዋሳቱ በብዜት የመጡና ጠባብ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መከላከያን የሚያደክም መድኃኒትም እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ተስተካከለ ብቻ መድኃኒት አይቆምም። የተለመደው መመሪያ ኮትሪሞክሳዞል ቢያንስ ለስድስት ወር፣ አሲክሎቪር ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት እስካለ ድረስ ደግሞ ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ግን በግልጽ የሚናገረው ነገር አለ፦ ይህ ሰው ገና አልተመለሰም።

ሁለተኛው ክትባት ነው። የለጋሽ ግንድ ሕዋስ የተቀበለ ሰው በልጅነቱ የወሰዳቸው ክትባቶች ያስገኙለት መከላከያ ከጊዜ ጋር ይጠፋል። በመከላከያ ረገድ እንደ ሕፃን ነው፤ ክትባቱንም እንደ ሕፃን እንደ አዲስ ይጀምራል። የኒሞኮከስ ክትባት ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ፣ የቴታነስ፣ የዲፍቴሪያ፣ የሄፓታይተስ ቢና በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይሰጣሉ። ሕያው ተህዋስ ያለበት የኩፍኝ ክትባት ግን ከሁለት ዓመት በፊት አይሰጥም፤ ያም የለጋሽ ሕዋሳት ጥቃት ከሌለና መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት ከቆመ ነው። የቢሲጂ ክትባት ለእርሱ አይሰጥም። ኩፍኝ በየጊዜው በሚቀሰቀስበት አገር እነዚያ ሁለት ዓመታት ረጅም ናቸው፤ ስለዚህ በቤቱ ያሉ ልጆችና ጎልማሶች ሁሉ ክትባታቸውን ማሟላታቸው ለእርሱ አጥር ነው። አንድ ልዩ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በአፍ በጠብታ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለበትና ከተከተበው ልጅ ዓይነ ምድር ጋር ስለሚወጣ፣ አብረውት ለሚኖሩት በመርፌ የሚሰጠው ይመረጣል። የዘመቻ ቡድን ቤት ለቤት ሲመጣ ቤተሰቡ ይህን ማወቅና ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው በውጭ ያሉት ማዕከላት በየዕለቱ የማያገኟቸው፣ እኛ ግን የምናውቃቸው በሽታዎች ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ አንዱ ነው። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ሌላው ነው፤ በጤናማ ሰው ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ታማሚው ከመሄዱ በፊት ለእነዚህ መመርመሩ ቀላል ነው፤ ከተመለሰ በኋላ መዘንጋቱ ግን ውድ ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። እንደ እናቶችና ሕፃናት የክትባት ካርድ ያለ፣ ታማሚው ይዞት የሚዞር፦ የንቅለ ተከላው ቀን፣ የለጋሹ ዓይነት፣ የሊምፎሳይትና የሲዲ 4 ቁጥር በየሦስት ወሩ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች የሚቆሙበት ቀን፣ የክትባቶቹ ተራ። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የደም ሕክምና ክፍል፣ የኤች አይ ቪ ላቦራቶሪና የክትባት ክፍል እርስ በርስ መነጋገርን ነው። ከዚህ ፋኩልቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ከዚህ ካርድ መጀመር ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

ወደ መጀመሪያው ወረቀት ልመለስ። ዛሬ ያ ወዳጄ ያንኑ ውጤት ይዞ ቢመጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ማለቴ አይቀርም፤ መቅኔው መያዙ በእውነት የሚያስደስት ነውና። ነገር ግን አረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ አልጨርሰውም። ሦስት ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ሊምፎሳይቱ፣ በተለይ ሲዲ 4፣ ስንት ነው? የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው፤ ማንስ ነው አቁም የሚለው? ክትባቱ መቼ ይጀመራል? ከዚያም «ይህን ይዘህ ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ሂድ» እለዋለሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ አንዱ በላቦራቶሪ፣ አንዱ በክሊኒክ፣ አንዱ እንደ እኔ በማስተማሪያ ክፍል ይሠራል። የትም ብትሆኑ ሰዎች ወረቀት ይዘው ይመጡባችኋል፤ የሚጠብቁትም መልካም ዜና ነው። መልካሙን ዜና ንገሯቸው። ነገር ግን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት።